ወንድም ጋሼ ያልረገጠው ምንጣፍ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ሙናዊር፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም ለሰው ሳትናገር ትችለዋለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ሆዴ አልቻለም።

ነገሩ የላክህልን ምንጣፍ ነው። ለምንጣፍ ነው እንዲህ የምትሆኚው ብለህ እንዳትስቅብኝ። በሐምሌ ማለቂያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ የመንገዱን ቦይ ሞላውና ጎርፉ በራችንን ገፍቶ ገባ። ከሱቅ ሮጬ ስደርስ አባባ አልጋቸው ላይ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታችን እትዬ በለጥሻቸው ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ውሃውን በሳፋ ይቀዳሉ።

ውሃውን አውጥተን፣ ምንጣፉን በጨርቅ መጥጠን፣ ከሰል አንድደን አሞቅነው። ላዩ ደረቀ። እኔማ ተደስቼ ሰገድኩበት። ለካ ጉዱ ከስር ኖሯል! ምንጣፉ የመጣ ጊዜ፣ የሲሚንቶው እርጥበት እንዳያበላሸው ብለን፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ከስሩ ወፍራም ላስቲክ ዘርግተን ነበር። ይኸው ላስቲክ የጎርፉን ውሃ አቅፎ ይዞት ሰነበተ። ቤቱ መሽተት ሲጀምር ጫፉን ገልጬ ባይ ስሩ በሙሉ ሻግቷል፤ ክሩ እጄ ላይ ይበጣጠሳል።

ጠቅልሎ መጣል ነበር። ግን አባባን ታውቃቸዋለህ። ምንጣፉ የተነጠፈ ዕለት ጎረቤት በተሰበሰበበት «ወላሂ፣ ሙናዊር መጥቶ በእግሩ ሳይረግጠው ከዚህ ቤት አይወጣም» ብለው ምለዋል። በዚያ ላይ የቆየ አስማቸው ተነሳባቸው። ከእኛ ጋር ቆጡ ላይ ይተኙ ብንል መሰላሉን መውጣት አይችሉም። ደረታቸው ሲያፏጭ ከላይ ሆኜ እሰማለሁ።

ጨንቆኝ አንዋር መስጊድ የምናውቃቸውን ሼህ ጠየቅኋቸው። «ለመሐላው አስር ሚስኪን ያብሉና ምንጣፉን ያውጡት፤ ጤና ይበልጣል» አሉኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ መጥቼ ለአባባ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «መሐላው አይደለም ልጄ፤ ካነሳሁት አይመጣም» አሉኝ። ወንድም ጋሼ፣ የእውነት የፈራሁት ያኔ ነው። አንተ በየደብዳቤው «ለኢድ እመጣለሁ» ስትል እኔና ባለቤቴ ሰሚር ለወግ ያህል ነው የምንሰማህ፤ እሳቸው ግን ያምኑሃል።

በኋላ ልጄ ኢክራ ደግሞ ማሳል ጀመረች። የምትተኛው ከአያቷ ጋር ነው። አንድ ጠዋት ሳሏን ሰምተው ከአልጋቸው ወረዱና «መቀስ አምጪ» አሉኝ። ወለሉ ከፍ ባለበት በኩል ውሃ ያልደረሰበትን ጥግ፣ አንዲት መስገጃ የምታህለውን፣ አስቆረጡኝ። የቀረውን ሰሚር ከሁለት ወዛደሮች ጋር ጎትቶ አወጣው። ሲወጣ አባባ አላዩትም።

ቁራጯን በራሳቸው እጅ በሩ መግቢያ ላይ አነጠፏት። ማንም አይረግጣትም፤ ዘለን ነው የምንገባው። እትዬ በለጥሻቸው እንኳ በዚያ ውፍረታቸው «ኧረ በስመ አብ!» እያሉ ይዘላሉ፤ ብታያቸው ሳቅ ይገድልህ ነበር። ኢክራን ተሽሏታል። የአባባ ሳል ግን አልለቀቃቸውም። ሐኪሙ ክረምቱ ሲወጣ ይቀላቸዋል ብሎኛል። እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን ቀኑን ሙሉ ወደ በሩ ዞረው መቀመጣቸው ነው። የምትመጣ ከሆነ ቁርጡን ጻፍ። የማትመጣ ከሆነ ደግሞ እባክህ ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ ጻፍልኝ፤ እንዴት እንደምነግራቸው አስብበታለሁ።

ሰሚርን በጣም ናፍቀኸዋል፤ ወገብህን ታከም ብሎሃል። ኢክራ «አጎቴ መዝለል ይችላል?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ አንተ እንደማትዘል ነግሬያታለሁ። እትዬ በለጥሻቸው «ዓይኑን ሳላየው አልሞትም በይልኝ» ብለዋል። አባባ «ሰላም በይው» ብቻ አሉ። ፖስታውን ላሽግ ስል ግን ጠሩኝና «ቁራጯ ደህና ናት፤ ደረቅ ናት በይው» አሉ።

እህትህ ራዲያ

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር
ነሐሴ 19 ቀን 1990 ዓ.ም.