የጥቁሮቹ ጥንቸሎች ነጭ ልጅ

ልጄ ሆይ፣ ጤናህ እንደምን ከርሟል? እኔ ጉልበቴ ከሚያጉረመርመው በቀር ደህና ነኝ፤ አፌማ እንደምታውቀው ታሞ አያውቅም።

ጉድ ልንገርህ! ጥቁሮቹ ጥንቸሎቼ ነጭ ወለዱ። የጎረቤታችን የአናጢው ነጭ ወንድ ጥንቸል አጥር ዘሎ ገብቶ ነው ብዬ ሰፈሩን በጩኸት አናጋሁት። የጎልማሶች ትምህርት ቤት መምህሬ ግን ሳቀችብኝ።

«እማማ፣ መልክ ከእናትም ከአባትም ይወረሳል። ነጩ በሁለቱም ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ልጃቸው ላይ ሲገናኝ ብቅ ይላል» አለችኝ።

ከደስታዬ ብዛት ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ! ምናለ በልጅነቴ ፊደል ቢያስቆጥሩኝ ኖሮ? አናጢውን ይቅርታ ስጠይቀው፣ «እኔስ ይሁን፣ የጥንቸሌን ስም ማን ያድስለታል?» አለኝ።

ልጅህ ድክ ድክ ማለት ጀምራለች። እነዚያ አመድማ ዓይኖቿ ቁርጥ የእናቴ ናቸው፤ አንተ አልደረስክባትም እንጂ። የሚስትህ አያትም እንዲሁ ነበሩ አሉ፤ ይህን ስትነግረኝ አቀርቅራ ነበር። ሰዎች ለምን አራስ ጥሎ ሄደ ሲሉኝ፣ ዓይኖቿን አይተህ እንደሄድህ እያወቅሁ «ስራ ጠርቶት ነው» እላለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሕፃኗ ዞር ትላለች።

ምርቃቴ ካለህበት ይድረስህ። መልሱን በፖስታ አትላከው፤ በእግርህ አምጣው።

እናትህ