ጥል ያልኩት ትል ሆነ

የካቲት ፱ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለጠይሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጃችንስ እንዴት ናት? ልጄ ማሙሽ ጥርስ አወጣ ብላ የላከችልኝን ፎቶ አይቻለሁ። ድዱ ላይ ሁለት የሩዝ ፍሬ የተለጠፈ ይመስላል። አገጩ የኔ ነው፤ እግዜር ይሁነው፣ እኔ በዚህ አገጭ ምክንያት ስንት ዘመን ዘበኛ ሆኜ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ግንባሩ ግን ያንቺ ስለሆነ ተስፋ አለው።

እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን አልተወም፣ እኔም እሱን መሳደቤን አልተውኩም፤ ተቻችለን እየኖርን ነው።

ለልጃችን «አኩርፏል፣ ተዪው፣ ሲወጣለት ይደውላል» ብለሻታል አሉ። እሷው ናት በጽሑፍ የነገረችኝ። መጨረሻ የተነጋገርን ቀን መጣላታችን እውነት ነው። «አሁንስ ይበቃሃል፣ ጡረታህን ይዘህ ወደዚህ ልጃችን ጋ ና» አልሽኝ፤ እኔም «ሻንጣ መሰልኩሽ እንዴ፣ በሄድሽበት የምትጎትቺኝ?» አልኩ። ስልኩን ቀድሞ የዘጋው ማን እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም። ከዚያ ወዲህ ስትደውሉ አላነሳም። ኩርፊያ ነው ብላችሁ ያዛችሁት፤ እኔም አላረምኳችሁም፤ እንዲያውም ካየሁት የኩርፊያ ትወና ሁሉ ይሄኛው ሳይበልጥ አይቀርም። ግን ኩርፊያ አይደለም። ምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ተቃጥያለሁና ንዴቴን ላውጣው፣ አለበለዚያ ይሄ ወረቀት ይቀደድብኛል።

የሁለቱን ወንድማማቾች ፊልም ልጃችን ነግራሽ ይሆናል። እንደተለመደው ሟች ነኝ። መሞት ሥራዬ ሆኗል፤ እውነተኛው ሞት አንድ ቀን ሲመጣ «ይሄን ሰውዬማ ወስጄዋለሁ» ብሎ የሚመለስ ይመስለኛል። ነገር ግን ይሄኛው ደህና ሞት ነበር። ሌሎቹ ላይ ትንሽ ሳል ስዬ እሄዳለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ንግግር አለኝ። ልጆቼ በቤት ውርስ ተጣልተው ከአልጋዬ ግራና ቀኝ ቆመዋል። እጃቸውን ያዝ አድርጌ አንዲት ነገር እላለሁ፤ «ልጆቼ፣ በመካከላችሁ ጥል አይግባ»። በቃ፣ ከዚያ እሞታለሁ። ፊልሙ በሙሉ የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሠራተኞቹና ለእንግዶች አሳዩን። ልብስ ሰፊውን ጎረቤታችንን አስከትዬ ሄድኩ። አልጋው መጣ፣ ፊቴ መጣ፣ አፌ ተከፈተ፤ ከአፌ ውስጥ የሬዲዮ ዜና አንባቢው ወጣ! ያ የጠዋቱ፣ አንቺ «ማር የዋጠው» የምትዪው። «ልጆቼ፣ በመካከላችሁ ጥል አይግባ» አለ፣ ኩልል አድርጎ፤ ቀጥሎ የነገን የአየር ሁኔታ የሚነግረን ነበር የመሰለኝ። አዳራሹ ተንሰቀሰቀ። ልብስ ሰፊው እንባውን በመዳፉ እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወይ ጉድ፣ ዛሬስ ድምፅህ እንዴት አምሯል!»

ጠይሜ፣ በዚህ ሙያ ስንት ነገር እንደቻልኩ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ለዋና ተዋናይ የሚሆን ፊት የለህም ተብዬ ዘበኛ ሆንኩ፣ ዳኛ ሆንኩ፣ ሰካራም ሆንኩ፣ የሙሽራ አባት ሆንኩ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ገና መጋረጃው ሲከፈት አስከሬን ነበርኩ። ሰው መንገድ ላይ ያቆመኝና «አንተ፣ ያ ሰውዬ አይደለህም?» ይለኛል። «ነኝ» እላለሁ። የትኛው ሰውዬ እንደሆንኩ እሱም አያውቀውም። በተከታታዩ ድራማ ክፉ ቤት አከራይ የሆንኩ ጊዜ ሽንኩርት ነጋዴዋ «ያቺን ሚስኪን አስወጥተህ ደግሞ ሽንኩርት አማረህ?» ብላ ባዶ እጄን መልሳኝ አንቺ ሄደሽ ገዛሽ። ሁሉን ቻልኩት። ፊቴ የማንም ይሁን፣ ድምፄ ግን የኔ ነበራ! አንቺም ብትሆኚ ሬዲዮ ላይ የሰማሽውን ድምፅ ነው ያገባሽው። «ድምፁን አግብቼ ፊቱን ተሸከምኩ» እያልሽ ለጓደኞችሽ ስትተርቺብኝ የማልሰማ ይመስልሽ ነበር።

ዳይሬክተሩን ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

«ድምፄ የታለ?»

«ጋሼ፣ ማይክራፎኑ ነው። ያን ቀን አበላሸብን።»

«የልጆቹን ድምፅ ትቶ የኔን ብቻ መርጦ አበላሸ?»

ሰው ይጠብቀኛል ብሎ ሄደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ምናለ ፊት ለፊት ቢነግረኝ? ጨዋ ሆኖ እኔን ሞኝ አደረገኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ትናንት ጠዋት ድምፅ ወደሚያቀናብሩበት ክፍል ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ሴት የኛን ልጅ የምታክል ናት። «የኔን ድምፅ አሰሚኝ» አልኳት። «ይተዉት ጋሼ፣ ምን ያደርግልዎታል» አለች። «አሰሚኝ» አልኩ። ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አውልቃ እኔ ራስ ላይ አደረገችልኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አንድ ሽማግሌ ሰማሁ። «ልጆቼ» አለ፤ «በመካከላችሁ ትል አይግባ።»

ትል! ሁለት ወንድማማቾች አስታርቆ ሊሞት የተኛ አባት፣ በመካከላችሁ ትል አይግባ! ከኋላ አንዱ ሳቁን ሲያፍን ይሰማል። «እንድገመው ጋሼ» ይላል ዳይሬክተሩ። ትል አይግባ። «አንዴ ብቻ፣ ጋሼ።» ትል። ያን ቀን ደጋግመው ያስባሉኝ ስሜቱ አልመጣላቸው ብሎ መስሎኝ፣ እኔ በየድግግሞሹ እንባ እጨምር ነበር። በኔ ጆሮ ጥል ነው ያልኩት። አሁንም ብዬ ስሞክረው በኔ ጆሮ ጥል ነው። ማዳመጫውን አውልቄ አመስግኛት ወጣሁ። አፈርኩ፣ ጠይሜ። ደረጃው ላይ ቆሜ እንደ ልጅ አፈርኩ።

እንግዲህ ልንገርሽ። ስልክ በተዘጋጋን በሳምንቱ ጢሜን እየተላጨሁ ሳለ ቀኝ ጉንጬ እምቢ አለኝ። ብርድ ነው የመታኝ። ሐኪሙ ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ እኔ ግን ብርድ ነው ብያለሁ፣ ብርድ ነው። ልብስ ሰፊው ሆስፒታል አድርሶኝ ጥቂት ቀን ተኝቼ ወጣሁ። ለልጃችን እንዳይነግር ያስማልኩት እኔ ነኝ፣ እሱን እንዳትቆጪው። እጄ ደህና ነው፤ ይኸው ጽሕፈቴን እያየሽው ነው። መስመሩ ወደ ታች ካዘነበለ ጠረጴዛው ነው።

ምላሴ ብቻ ነው የከበደው። እነዚያ የሚፈነዱት ፊደሎች፣ ጠ እና ቀ እና ጨ፣ ፈንዱ ብላቸው አይፈነዱም። ጨው ስል ቸው፣ ቁልፍ ስል ኩልፍ ነው ሰው የሚሰማኝ። አንቺ ስንቱን ሕፃን ፊደል ስታስቆጥሪ ኖረሻል፤ «ቆንጆ» ማለት አቅቶት «ኮንጆ» የሚለውን ልጅ አገላብጠሽ ስትስሚው አይቻለሁ። በሕፃን ያምራል፤ በኔ ዕድሜ ግን የሚስምም የለም። ፊልሙን የቀረጽነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በተራ ወሬ ላይ ቢከብደኝ ካሜራ ፊት ይፈታልኛል ብዬ ነበር። መድረክ ሳሌን አስትቶኝ ያውቃል፣ ትኩሳቴን አስትቶኝ ያውቃል፣ ይሄን ለምን አያስተወኝም ብዬ። ስልክ ግን መድረክ አይደለም። ስምሽን ለሐኪሙ ብነግረው «ተይሜ» ብሎ ጻፈው። ሃሎ ብለሽ «ተይሜ» ብልሽ በዚያው ቅጽበት ታውቂብኛለሽ። ከኩርፊያው በስተጀርባ ያለው ይኸው ነው።

ንዴቴ ግን ገና አላለቀም። ትናንት ከሰዓት ደግሞ ጢሞ መጣ። ድሮ እኔ አንደኛ ዘበኛ ስሆን ሁለተኛ ዘበኛ የነበረው፣ ዛሬ የቴያትር አዘጋጅ የሆነው። አዲስ ድርሰት ይዟል። «ጋሼ፣ ዋናው ሰውዬ አንተ ነህ» አለኝ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመድረክ አትወርድም።» ልቤ ዘለለች፤ አልዋሽሽም። ይቺን አረፍተ ነገር ስጠብቅ ነው የሸበትኩት። ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ እንደ ልማዴ በኔ ቃል ሥር ላሰምር ድርሰቱን ገለጥኩ። ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፤ አንዲት ቃል የለም።

«የኔ ቃል የታለ?»

«ሰውዬው አይናገርም፣ ጋሼ። ዲዳ ነው።»

አባረርኩት። ወሬው ደርሶት ነው፤ ቴያትር ቤት ውስጥ ወሬ ከተዋናዩ ቀድሞ ነው መድረክ የሚወጣው። በር ላይ ቆሞ «ዝምታ እኮ ወርቅ ነው» ሲለኝ «እንግዲያው ሸጠህ ብላው!» ብዬ ጮህኩበት። ምን እንደሰማ እግዜር ይወቅ፤ ሸጠህ ውስጥም ጠ አለች።

ድርሰቱን ግን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ሄዷል። ዛሬ ጠዋት አነበብኩት። ሰውዬው ሳሎን መሃል ተቀምጧል፤ ልጆቹ የማይሰማ ይመስል ስለሱ ይከራከራሉ፤ እሱ ሁሉን ይሰማል። ጥሩ ድርሰት ነው። ያናደደኝም ይሄው ነው፤ ረብ የለሽ ቢሆን ቀዳድጄ እገላገል ነበር። ጢሞ በበር ሥር ወረቀት ጥሎልኛል፤ እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋል። እሺ ካልኩ ሰው ሁሉ ለሽማግሌ ታዝኖለት ነው ይላል፤ ምናልባትም እውነት ነው። እምቢ ካልኩ ደግሞ አከተመ። ከእንግዲህ የሚጠራኝ የለም፣ አስከሬን ለመሆን እንኳ ወጣት ይመርጣሉ። ድምፄን ስጠብቅ ኖሬ በመጨረሻ ፊቴን ብቻ ፈለጉት፤ ያውም ግማሹ ሥራ ያቆመ ጊዜ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። በግማሽ ፊት ይወጣል ወይስ አይወጣም፣ ያንን ነው የማላውቀው። በጆሮዬ እንኳ መታመን ካቃተኝ ማንን ልጠይቅ? አንቺ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጪና ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እጅሽን አጣጥፈሽ ትጠብቂኝ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ «ዳኛው ሲፈርድ ዋሽተሃል» ትዪኛለሽ። እንዴት እናደድ እንደነበር! አንዳንዴ እስከ ቤት አላናግርሽም። በማግስቱ ግን ያልሽውን አስተካክዬ እገባለሁ። አሁን ያንን የሚለኝ ሰው የለም። ልብስ ሰፊው የማንም ድምፅ ያምርበታል፣ ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን ይሰድባል፣ ጢሞ ያዝንልኛል። በደግ ሰው ተከብቤ እውነት አጣሁ።

እንዳይመስልሽ፣ እየለመንኩሽ አይደለም። ልጃችን ሥራ ጀምራለች፣ ማሙሽም ገና ነው፣ እዚያ ስንት የሚጠብቅሽ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። አዝነሽልኝ የምትመጪ ከሆነ ቅሪ። ሐዘኔታን ስንት ዘመን በደሞዝ ስሠራው ስለኖርኩ ከሩቅ አውቀዋለሁ።

እግዜር ማሙሽን በጤና ያሳድግልን። ልጃችንን የእናትነት ወግ እንዳሳየ የልፋቷን ዋጋ ያሳያት። አንቺን ጉልበትሽንም ሆነ ምላስሽን ይጠብቅልኝ፤ ምላስሽን በተለይ።

ደብዳቤው ሲደርስሽ ደውዪ፣ አነሳለሁ። ብዙ አላወራም፣ አንቺ አውሪ። ዛሬ የትኞቹ ቃላት እንደተረፉኝ ለማየት ጮክ እያልኩ ስሞክራቸው ነበር። ብዙ ናቸው፣ አትዘኚ። እሺ አለ። ልጄ አለ። አንቺ አለ። ነይ የምትለዋም አለች። እሷን ደጋግሜ አልኳት፤ በጆሮዬ ስለማልታመን ትክክል ትሁን አትሁን አላወቅኩም ነበር። ኋላ ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ማዶ ስፌቱን አቁሞ «አንተ፣ ማንን ነው ነይ፣ ነይ የምትለው?» አለኝ።

ባልሽ