ፐርሲ የለቀቀልኝ ታፔላ

ሊትል ዌንቤሪ፣ ሽሮፕሺር
ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1998

ከምድር ማዶ፣ ታዝማኒያ ላይ ተገልብጣ ለምትኖረው ልጄ፣ ለግሌኒስዬ፤

ጽሕፈቱን አይተሽ የማን ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ። የአባትሽ ነው። አዎ፣ የሬጅ ቤዶስ፣ ዕድሜ ልኩን በስሙ ፋንታ የመስቀል ምልክት ሲያሰፍር የኖረው ሰውዬ! እስካሁን የላክሁልሽን ሁሉ የምትጽፍልኝ የብስክሌት ክለባችን ሂልዳ ነበረች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ እኔ ንጉሥ፣ እሷ ጸሐፌ ትእዛዝ። አሁን ግን የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ፤ ያውም አንደኛ ወጥቼ። በእርግጥ ተማሪዎቹ አራት ነን፣ አንደኛው ገና ክፍል ሲገባ ነው የሚያንቀላፋው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። መምህራችን ሚስስ ፒው "ሬጅ፣ ነጠላ ሰረዙ የት ሄደ?" እያለች ትነዘንዘኛለች። ነጠላ ሰረዝ ማለት ፍሬን ነው፤ እኔ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የምይዝ ሰው አይደለሁም አልኳት። መስመሮቹ ወደ ላይ ወደ ላይ የሚሄዱትም በስህተት አይደለም። አባትሽ ዳገት ወጪ ነው።

ስለ ክለቡ ከጠየቅሽ፣ ሦስት ቀርተናል፤ እኔ፣ ፐርሲ ጎፍ እና ሂልዳ። ሌሎቹን አንዱን ጉልበቱ፣ አንዱን ልቡ፣ አንዱን ሚስቱ አስቁማዋለች። እኛ ግን እሑድ እሑድ እንወጣለን። የመንደር ስም የተጻፈበት ታፔላ ብቅ ባለ ቁጥር እንደ ድሮው እንፈተለካለን፤ ቀድሞ ያለፈው መንደሩን ይወስዳል፣ ሳምንቱን ሙሉ ይፎክርበታል። መቼም ታስታውሻለሽ፤ አንዱንም ታፔላ ሳላነብ ስንት ዓመት ቀዳሚያቸው ነበርኩ። እነሱ ስሙን ሲፈልጉ እኔ አጠገቡ ያለውን ዛፍ ነበር የምፈልገው። ዘንድሮማ ከፋሲካ ወዲህ ፐርሲ አንድ መንደር አልወሰደብኝም። አንድም! እኔ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ እሱ በስድስት ዓመት የሚያንሰኝ፣ ብስክሌቱ አዲስ። ምስኪን።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። ሽሩስበሪ ያለው የዓይን ሐኪም መረመረኝና፣ የዓይንዎ መሐሉ እየሞተ ነው አለኝ። ዳር ዳሩ ይቀራል፣ መሐል መሐሉ ይሄዳል። መድኃኒት የለውም፣ መነጽርም አይመልሰውም። እስከ መቼ ነው ብዬ ብጠይቀው "እስከ ጸደይ፣ እስከ ማርች ድረስ ፊደል መለየት ከቻሉ ዕድለኛ ነዎት። ብስክሌቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት" አለኝ። ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነው። "እነዚህን መንገዶች አንተ ሳትወለድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምነዳቸው" አልኩት። አልሳቀም። የሕክምና ትምህርት ቤት ሳቅ አያስተምሩም መሰለኝ። ምን ታደርጊዋለሽ፤ ፊደሉ በበር ሲገባ ብርሃኑ በመስኮት ወጣ።

ለክለቡ ትንፍሽ አላልኩም። ያለፈው እሑድ እንደ ወትሮው ወጣን። ጭጋጉ ኮረብቶቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸው ነበር፤ የበርዌልን ዳገት ጨርሰን አናቱ ላይ ስንደርስ ግን ፀሐይ ወጣችልን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቂዋለሽ። መንገዱ በሁለት ቁጥቋጦ አጥር መሐል ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ውሻ እንኳ የማይጮኽባቸውን መንደሮች እያለፈ፣ በመጨረሻ ወደ ሆፕ ባርተን ይወርዳል። ሻይ የምንጠጣው እዚያ ስለሆነ ትልቁ ታፔላ እሱ ነው።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ሂልዳ ከኋላዬ "አንተ ቱልቱላ! ዛሬ ያለህ ወሬ ነው ወይስ እግር?" አለችኝ።

"መልሱን መንደር ገብቼ እነግርሻለሁ!" ብዬ ከኮርቻው ተነሣሁ። ማርሹን አከበድኩና ረገጥኩት። ፐርሲ በቀኜ በኩል ሲያለከልክ ይሰማኛል። በግራ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ነጭ ነገር ብቅ አለ። በረርኩ፣ አለፍኩት፣ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ አንሥቼ "ሆፕ ባርተን የኔ ናት!" ብዬ ጮኽኩ።

ዝም አሉ።

ግሌኒስ፣ መቼም ታውቂናለሽ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ቦይ ውስጥ ቢገባ መጀመሪያ ይሳቅበታል፣ ከዚያ ነው የሚነሣው። ፐርሲ ትከሻው የተሰበረ ጊዜ አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ስንስቅበት ነበር፤ እሱም እያቃሰተ አብሮን ይስቅ ነበር። እሑድ ግን አንዳቸውም አልሳቁም። ትንሽ እንደሄድን ፐርሲ "አሸነፍክ፣ ሬጅ። የዛሬውም ያንተ ነው" አለኝ። ድምፁ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ድምፅ ነበር።

ሻይ ቤት ገባን። ሂልዳ ሻዬን ራሷ ቀዳችልኝ፣ ስኳሩን አማሰለችልኝ፣ የስኒውን ጆሮ ወደ ጣቴ አዞረችልኝ። ሂልዳ! ለነፍሰ ጡር ወንበር የማትለቅ ሴት!

"ምን ሆናችኋል? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የመጣነው?" አልኩ።

"ኬክህን ብላ።"

"ሂልዳ።"

"እጅህን ያነሣኸው ለታፔላው አይደለም" አለች። "የሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ ነው። ታፔላው ገና ከመታጠፊያው ወዲያ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልሳቅሽብኝም?"

ኬኳን ትፈረፍራለች።

"አንተስ፣ ፐርሲ? እኔ እንደ ጅል እጄን ሰቅዬ ስሄድ ለምን አልፈኸኝ አትወስደውም ነበር? ታፔላው ባዶውን ቆሟል እኮ!"

"ደክሞኝ ነው።"

"ውሸታም።"

"እሺ፣ ውሸታም ነኝ።" ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። "ስማ አንተ ሬጅ፤ ከፋሲካ ጀምሮ ያገኘኸው ጉድጓድ ውስጥ ሁሉ ትገባለህ። ያ የወተት መኪና የመጣ ጊዜ ጭራሽ አላየኸውም። በቀኝህ፣ መኪና በሚያልፍበት በኩል ተለጥፌ የምነዳው መልክህ አምሮኝ መሰለህ? መኪናው መጀመሪያ እኔን እንዲያገኝ ብዬ ነው። ከጎንህ ሳልለይ እንዴት አድርጌ ልቅደምህ?"

እንግዲህ ሰምተሻል። ከላይ የፎከርኩብሽን መንደሮች በሙሉ ሠርዢያቸው። አፌ ለምዶበት ነው። እኔው ልሠርዘው አስቤ ነበር፤ ግን ያንን ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፣ አሳዘነኝ።

ፐርሲ የወንድሙ ባለሁለት ኮርቻ ብስክሌት አለችው። "ከኋላ ተቀመጥ፣ እኔ እመራለሁ" አለኝ። "ቀሪ ዕድሜዬን ቂጥህን ሳይ ልጨርስ?" አልኩት። ወዲያው ሐኪሙ ያለው ትዝ አለኝና፣ ለካስ መሐል መሐሉ ስለሚጠፋ ዙሪያህን ብቻ ነው የማየው፣ ይህ በሽታ ያመጣልኝ ጸጋ ይህ ብቻ ነው አልኩ። ሂልዳ ያኔ ሳቀች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ሳቁ ሳቅ አልመስል አለኝ። የፐርሲን ነገር እምቢ አልኩ። ነፋሱን በደረቱ የለመደ ሰው ከኋላ ሻንጣ መሆን አይችልም።

ወደ ቤት የተመለስኩት ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ነው። ሁለቱም ወርደው አብረውኝ ገፉ። ዳገቱንስ እሺ፤ ግሌኒስ፣ ቁልቁለቱንም በእግር! አንድ ገበሬ ትራክተሩን አቁሞ "ሦስታችሁም በአንድ ቀን ጎማ ፈነዳባችሁ?" አለን። "አዎ" አለችው ሂልዳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚያ ሰውዬ የምመልስለት አጣ ነበር?

ብስክሌቷን ዕቃ ቤት ሰቅያታለሁ። ጎማዎቿን አስተንፍሻቸዋለሁ፤ አየር ይዛ፣ የምትሄድ መስሏት ስትጠብቅ ማየት አልፈለግሁም።

የሕፃን ልጅሽ ፎቶ ደርሶኛል። በጣም ቆንጆ ናት። ጆሮዎቿ የእናትሽ ናቸው፣ ነፍሷን ይማርና። ኮፍያዋ ቢጫ ነው፤ የተኛችበት ብርድ ልብስ ጥለት አለው። አንገቴን ዘንበል አድርጌ በጎን ሳያት አገጯንም አገኘሁት። ፊቷን ገና አልጨረስኩትም። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን መስኮቱ ዘንድ ወስጄ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንመጣለን ብለሻል። መልካም ነው። የባልሽም ሥራ አለ፣ መንገዱም ሩቅ ነው፣ ሕፃንም ይዞ አይቸኮልም። እኔ የትም አልሄድ።

ለዚህ ደብዳቤ ግን የጽሑፍ መልስ አትላኪልኝ። እንደምታይው የተማርኩ ሰው ሆኛለሁ፤ የፊደል ግድፈትሽን ማረም እጀምርና እንቀያየማለን። ስልክ ደውዪ። አውቃለሁ፣ እኔና አንቺ ስልክ ላይ ስለ አየሩ ተጠያይቀን ሳንጨርስ እንጣላለን፤ ለዚህም ነው የተውነው። ግድ የለም፣ ተጣዪኝ። ስትቆጪ እንደ እናትሽ ነሽ። ከጨረስሽ በኋላ ደግሞ የሕፃኗ ፊት ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ፤ እኔ ያየሁትና አንቺ ያየሽው አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ያህል ነው እንጂ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። በምትሄጂበት ሁሉ መንገዱ ደረቅ ይሁንልሽ፤ ዝናቡም አንቺ ቤትሽ ከገባሽ በኋላ ይዝነብ።

በገዛ እጁ የጻፈልሽ
አባትሽ ሬጅ ቤዶስ

ስትደውዪ ቶሎ ካላነሣሁት አትዝጊው። እስካገኘው ድረስ ይጩህ።