የእድሩ ድንኳን እኔ ጋ ነው

ይድረስ ጅማ ላለኸው ልጄ ውዳሴ። እንደምን ከረምክ? እኔ ተመስገን፣ እንደ ግንብ ቆሜአለሁ። የሚጽፍልኝ የእድራችን ጸሐፊ መዝገቡ ነው።

አያትህን ጣሊያን መንገድ ሊያሠራው ከጉራጌ አምጥቶ ኮልፌ ሜዳ ላይ አሰፈረው። ከተማ ያደረጓት ግን እነአያትህ ናቸው። እድሩንም «አገራችን ሩቅ ነው፣ ማን ይቀብረናል?» ብለው አቆሙት።

አሁን ሰፈሩ እየፈረሰ ነው። ከስልሳ አባወራ ሰባት ቀረን። ጎረቤታችንን ካሳነሽን የቀበርን ዕለት ድንኳኑን አራት ሽማግሌዎች ስንተክል የመሐሉ ምሰሶ ወደቀብን። መዝገቡ «ጋሼ፣ ያለ ድንኳን እንቀመጥ» ቢለኝ፣ «አንተ ስትሞት ያለ ድንኳን!» አልኩት። እሱም እሁድ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ይለቃል።

ያንን ምሰሶ አንተ ብቻህን ታነሳው ነበር። ወሬ ነው እንጂ ና አላልኩህም።

ልጆችህን ሳምልኝ፤ ደህና ያቆያችሁ።

አባትህ ደግፌ፣ በጣቴ አሻራ