ሟቹ ራሱ ያመልክት ላሉን ክቡር የጌም ድርጅት ኃላፊ

ለጌም ማሽን አምራቹ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፡- በትሕትና ስለተወሰዱብን አሥራ አንድ ጌሞች ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ይልቁንም ሁለቱ ኩላሊቶችዎ ደህና ይሆኑ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ኩላሊትን ለይቼ ማንሳቴ ለነገር እንዳይመስልዎ፤ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ በእያንዳንዱ አራት አራት ሰዓት፣ ከኩላሊት እጥበት ማሽን ጋር ታስሮ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ለሰው አስቀድሞ የሚመኘው ራሱ ያጣውን ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ማንነቴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። የቤት ሽያጭ፣ የድንበር ክርክር፣ ኑዛዜ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ በእጄ ያላለፈ የወረቀት ዓይነት የለም። ጌም የሚባለውን ነገር ግን እስከ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ድረስ የልጆች ጩኸት እንጂ ሌላ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የእጥበት ክፍላችን አሥራ አራት ወንበርና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ቴሌቪዥን አለው። ድምፁ ታማሚ እንዳይረብሽ ስለሚዘጋ፣ ለብዙ ጊዜ ዜና አንባቢዋ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ እያየን አራት ሰዓታችንን እንጨርስ ነበር። ከዚህ ያወጣን በወንበር ቁጥር ሦስት ላይ የነበረው፣ ሁላችንም አምበል የምንለው በያጅ ነው። አንድ ሰኞ የራሱን የጌም ማሽን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ማሽኑ የሚቀመጥበትን የብረት መደርደሪያም ራሱ በይዶ ይዞ መጣ፤ ሆስፒታሉንም አስፈቅዶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ሰቀለው።

አንድ ችግር ነበር። እጥበት ላይ ያለ ሰው መርፌ የገባበትን ክንዱን ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም፤ ጆይስቲክ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። የእኔ መርፌ በግራ ክንዴ፣ የእሱ በቀኝ ክንዱ ስለሆነ፣ አንዱን ጆይስቲክ በመካከላችን ባለችው የምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እኔ በቀኝ እጄ ተጫዋቹን ማስሮጥ፣ እሱ በግራ እጁ መምታት ያዝን። ስንጀምር ኳሱን ወደ ራሳችን ጎል ነበር የምንመታው። በስምንተኛው ወር ግን፣ ሁለት ሽማግሌ ግማሾች ተገጣጥመን አንድ ደህና አጥቂ ወጣን።

አምበል ሕመሙ ወደ ልቡ ሲዞርበት፣ አንድ ጠዋት «ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ» አለኝ። «ቤት የለኝም፣ መሬት የለኝም፤ ማሽኑና ጌሞቹ ግን እዚሁ ይቅሩ፤ አዲስ ሰው ሲመጣ መርፌውን የሚያስረሳው ነገር ይኑር፤» ይኸው ነበር ቃሉ። ስድስቱን በዲስክ ያሉትን ጌሞች ከጀርባቸው ካለው ቁጥር ጋር፣ አሥራ አንዱን ሰማይ ላይ ካለው የኢንተርኔት ሱቃችሁ የገዛቸውን ደግሞ ከደረሰኝ ቁጥራቸው ጋር አንድ በአንድ ዘርዝሬ በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። የክፍሉ ሲስተር፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የማሽን ጠጋኙ በምስክርነት ፈረሙ። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የተጣራ ኑዛዜ አላየሁም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አምበል አረፈ። የሞተው በእጥበት ቀናችን አይደለም፤ እሑድ ነበር፤ እኛ ያወቅነው ሰኞ ጠዋት ወንበር ሦስት ባዶውን ሲውል ነው። በጣም አዘንኩ፤ አሁንም አዝናለሁ፤ ይህንንም ለእርስዎ መጻፌ ቅር አይበልዎ።

ጥፋቴን የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሲስተር ገና ከመነሻው «ጋሼ፣ ፓስወርዱ አለን አይደል? ዝም ብለን ብንጫወት ማን ይጠይቀናል?» ብላኝ ነበር። እኔ ግን መዝገብ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ስም ሳይዛወር እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የኑዛዜውን ቅጂና «የባለቤትነት ስም ይዛወርልን» የሚል ማመልከቻ አያይዤ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በገዛ እጄ ለድርጅትዎ ላክሁ።

መልሳችሁ በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። በመዝገብ ቤት ሕይወቴ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቼ ስለማላውቅ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነው ያነበብኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥልቅ ሐዘናችሁን ይገልጻል፤ ሁለተኛው አካውንቱ እስከ ወዲያኛው መዘጋቱን ያበስራል። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት አራት ነጥብ ብቻ ናት፤ ለእንባ መጥረጊያ ትንሽ ታንሳለች። በማግሥቱ ማሽኑን ስንከፍት አሥራ አንዱም ጌሞች ምስላቸው እንዳለ ሆኖ በየላያቸው የቁልፍ ምልክት ተለጥፎባቸው አገኘናቸው።

እንግዲህ ክቡርነትዎን እንዳላደክም ምስጋናዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ስለ «ግዛ» ቁልፋችሁ አመሰግናለሁ። አምበል አሥራ አንድ ጊዜ የነካት ያቺ አረንጓዴ ቁልፍ ላይ የተጻፈው «ግዛ» የሚል ነው፤ «ተዋስ» አይልም፤ «እስክንነጥቅህ ያዝ» አይልም። ከተዘጋብን በኋላ ግን ስልሳ ሁለት ገጹን የአጠቃቀም ስምምነት በሦስት እጥበት አንብቤ ጨረስኩ፤ ምናልባት ከጻፉት ጠበቆች ቀጥሎ በዓለም ላይ ያነበብኩት እኔ ብቻ እሆናለሁ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ተጠቃሚው ምንም ነገር እንደማይገዛ፣ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደሚሰጠው፣ ፈቃዱም እንደማይሸጥ፣ እንደማይሰጥና እንደማይወረስ ተጽፏል። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት የምስኪን ሰው ምኞት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የንግድ ዕቅድ ኖሯል።

ሁለተኛ፤ ስለ ስልክ አገልግሎታችሁ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካስደመጣችሁኝ በኋላ ያገኘሁት ወጣት እጅግ ትሑት ነበር። ጉዳዬን በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ፣ የአካውንቱ ባለቤት ራሱ በተመዘገበበት ኢሜይል ጥያቄውን እንዲያቀርብ መከረኝ። ባለቤቱ ማረፉን ደገምኩለት። እሱም ይህንኑ መረዳቱን፣ ነገር ግን ለደኅንነት ሲባል ማመልከቻው ከሟቹ መምጣት እንዳለበት ደገመልኝ። ድምፁ ለስላሳ ስለነበር አልተቆጣሁም፤ ሟቹ ያለበት ቦታ ኔትወርክ እንደማይደርስ ብቻ አስረዳሁት። «ሌላ የምረዳዎ ነገር ይኖራል?» ሲል ተሰናበተኝ። «ሌላ» ያላት ቃል እስከ ዛሬ ታስቀኛለች።

ሦስተኛ፤ ስምምነታችሁ ፈቃዱ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ እንደሆነ አጥብቆ ያዛል። ይህን ትእዛዝ የእኛን ያህል ያከበረ ደንበኛ የላችሁም፤ ከላይ እንደገለጽኩት አምበልና እኔ ተደምረን አንድ ነበርን። ግማሹ ተጠቃሚ ሲሞት ሙሉው ይዘጋል የሚለውን አንቀጽ በስልሳ ሁለቱም ገጽ ፈልጌ አጣሁት። የቀረው ግማሽ ይኸው በሕይወት አለ፤ ጡረተኛ ነው፤ ቀኝ እጁም ይሠራል።

አራተኛ፤ ስለ አዲሱ ማሽናችሁ። ስድስቱ ዲስኮች፣ ስነግርዎ አፍሬ ነው፣ ዛሬም ይሠራሉ። ማሽኑ ዲስኩን ሲጎርስ የማን ነህ፣ ባለቤትህ አለ ወይ፣ ስንተኛ ገጽ ላይ ተስማማህ ብሎ አይጠይቅም። ሁለቱን አምበል ራሱ ከሰው እጅ የገዛቸው ናቸው፤ አንዱ ላይ የቀድሞ ባለቤቱ በእስክሪብቶ ስሙን ጽፎበታል፤ ያም ሆኖ እሺ ብሎ ይከፈታል። ይህን የመሰለ ሥርዓት አልበኝነት ለማስቀረት ሳይሆን አይቀርም አዲሱን ማሽን ያለ ዲስክ ማስገቢያ የሠራችሁት። ማስታወቂያችሁ «ከዲስክ ክምር ነፃ አወጣናችሁ» ይላል። ሰውን ከንብረቱ ነፃ ማውጣት በእኛ ዘመን ሌላ ስም ነበረው፤ መዝገቡም የሚከፈተው በወንጀል ችሎት በኩል ነበር። የእኛ አሮጌ ማሽን ማቀዝቀዣ ማራገቢያዋ እህህ ማለት ጀምሯል፤ እሷ የወደቀች ቀን ስድስቱ ዲስኮችም የሚገቡበት ቀዳዳ አጥተው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናሉ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የተዘጉት ጌሞች ለሌላ ሰው አልተሰጡም፤ እናንተም አልተጫወታችሁባቸውም። ባልበላው ጭሬ ልበትነው ያለችው ዶሮ እንኳ ቢያንስ ለመጫር ትደክማለች።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ከሌሎቹ ጋር መሰለፍ ያለበት አይመስለኝም።

ወንበር ሦስት ላይ አሁን አንዲት ልብስ ሰፊ ተተክታለች። ዕድሜዋን በሙሉ መርፌ ይዛ የኖረች ሴት የእጥበቱን መርፌ ስታይ ግን ፊቷ አመድ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ልትሄድ ተነስታለች። ሲስተር ከአሥራ አንዱ ጌሞች አንዱን፣ ቲማቲም እየተከሉና እያጠጡ የሚጫወቱትን የጓሮ ጌም ከፈተችላት። ያቺ ልብስ ሰፊ በአንድ እጇ ቲማቲሟን ስታጠጣ ደም የሚያወጣውና የሚመልሰው ሁለቱም መርፌዎች ይገቡ ነበር፤ «አለቀ እንዴ፣ ሲስተር?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አምበል ሲናዘዝ ያለው ይህንኑ ነበር፤ እኔም በሆዴ ኑዛዜው ተፈጸመ አልኩ።

ጌሞቹ የተዘጉት ያን ሰሞን ነው። ሰኞ የቁልፉን ምልክት አይታ፣ ጥርሷን ነክሳ ዋለች። ረቡዕ አልመጣችም። ክቡርነትዎ ከሥራ አንድ ቀን ቢቀሩ ስብሰባ ያመልጥዎት ይሆናል፤ እኛ አንድ ቀን ስንቀር ውሃው ሳንባችን ውስጥ ይገባል። ዓርብ ወንድሟ ደግፎ አመጣት፤ ፊቷ አብጦ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትተነፍስ መጨረስ አቅቷት ነበር። ተርፋለች፤ ዛሬ ጠዋትም ከጎኔ ነበረች።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ ነው አልልም። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል፤ እኔ እውነቱን ተናግሬ በሕመም ያሳደርኩት ግን እሷን ነው። ያንን ማመልከቻ የጻፈው እጅ የእኔ ነው፤ እሷን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ስለዚህ የጥፋቱን ግማሽ ወስጃለሁ። ቀሪውን ግማሽ ለክቡርነትዎ በአክብሮት አስረክባለሁ፤ ይህም የመጠቀም ፈቃድ ሳይሆን ሙሉ የባለቤትነት መብት ነው፤ ሊይዙት፣ ለባልደረባዎ ሊያስተላልፉትና ለልጆችዎ ሊያወርሱት ይችላሉ።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ የአንድን በያጅ ኑዛዜ አክብራችሁ አሥራ አንዱን ጌሞች ለክፍላችን ክፈቱልን። እንደማትከፍቱ ስለማውቅ፣ ላለመክፈት ለምትጽፉልኝ ለስላሳ ደብዳቤ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

የጻፉትን ሁሉ ሳላነብ «እስማማለሁ» ማለት ይቅርና አንብቤም በታላቅ ትሕትና ያልተስማማሁ፣ ለድርጅትዎ ዕድገትን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜንና ንጹሕ ደምን የምመኝ፣

ወንበር ቁጥር አራት

ግልባጭ፡-
ለክፍሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለገጽ አርባ አንድ ጸሐፊ፣ ካሉ

ድኅረ ጽሑፍ፡- ለመልስ እንዳይቸኩሉ አንድ ነገር ላሳውቅዎ። ባለፈው ዓርብ አሥራ አራታችንም ተመካክረን በእኔ ስም አዲስ አካውንት ከፍተናል፤ የጓሮውንና የኳሱን ጌም እንደገና ከፍለን ወስደናል፤ ፓስወርዱንም ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሮ ሁሉም ያውቀዋል። የሁላችንንም ቃል የያዘ ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ውሳኔውም በእናንተ መዝገብ ላይ ከዚህ ክፍል ከእንግዲህ ማንም እንዳይሞት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት የማንንም ሞት ደብቄ አላውቅም፤ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ የመቶ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ቲማቲም ሲያጠጣ ብታገኙት አትደነቁ። ምናልባት በቅርቡ ሞቷል የሚል ወረቀት፣ ማኅተም ያረፈበትም ቢሆን፣ ከደረሰዎ አይመኑ፤ ደህና ነኝ፣ እየተጫወትኩ ነው።