ከዋንዛው ሥር ያሉት ሆስታዎች

ጥቅምት 12
ዛሬም ውሃ አጠጣሁ። ሌላ የሚመዘገብ ታሪካዊ ክንውን የለም። አሥራ አራቱ ቅጠለ ሰፊ ሆስታዎችና ስድስቱ ላባ መሳይ ፈርኖች በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛሉ። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ ከዋንዛው ሥር፣ ፀሐይ የማይወድ ተክል ብቻ… ቅጠሉ ነው የሚታየው፤ ለአበባው ማንም አይጨነቅም። ጎረቤቴ እትዬ ለተብርሃን መቼ እንደሚደርስ ጠየቁኝ። አይበላም አልኳቸው።
“ታዲያ ለዚህ ነው ጡረታ የወጣኸው?”
ባልዲዬን አንስቼ ወደ ፈርኖቹ ዞርኩ።

ጥቅምት 20
ከወረዳው፣ ማኅደር የምትባል ባለሙያ መጣች። ልጅቷ ትሑት ናት፤ የያዘችው ወረቀት ግን አይደለም። ኅዳር 30 ትመለሳለች። ያን ቀን ተክሉ ለምቶ፣ ተመልካችም ኖሮት ካገኘችው የሕዝብ አትክልት ስፍራ ተብሎ ይመዘገባል። አለዚያ ቦታው የመንግሥት ስለሆነ የሞተር ሳይክል ማቆሚያ ይሆናል። ከሁለት ዓመት ልፋት በኋላ… ለሞተር! ተመልካችስ ከየት ላምጣ? ሠላሳ ዓመት ቢሮ ተቀምጬ እኔን ራሴን ያየኝ የለም።

ኅዳር 9
ተመልካች፦ አንድ ድመት።

ኅዳር 25
ጥፋት። የምኖርበት ሕንፃ ጥበቃ ጉግሳ ዋንዛውን መልምሎ ራቁቱን አስቀርቶታል። ያውም በዕረፍት ቀኑ። ላብ በላብ ሆኖ፣ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ።
“ጋሼ፣ ጨለማ ውስጥ ሲኖሩ አሳዘኑኝ። ትንሽ ይሙቁ ብዬ ነው።”
ለመቆጣት አፌን ከፈትኩ… አመሰገንኩት መሰለኝ። ኋላ እውነቱን ስነግረው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ገደልኳቸው በሉኛ፣ አለ።

ኅዳር 26
ካርቶን ሰቀልኩ፤ ነፋስ ወሰደው። አንሶላ ወጠርኩ፤ ጎረቤት ልብስ ያሰጣሁ መሰለው። አራት ሆስታ ተጠብሷል። አራት ቀን ቀረ። ለምን እንዲህ ከነከነኝ? ቅጠል አይደል? …አይደለም። ጠዋት የምነሳበት ምክንያት ነው። ይህን ለማንም አልናገርም።

ኅዳር 27
የመድኃኔዓለም ዕለት። እትዬ ለተብርሃን ከቅዳሴ ሲመለሱ ቆሙ። ጉግሳ ነግሯቸዋል። የዣንጥላቸውን እጀታ አፈሩ ውስጥ ሰኩት፤ ትልቁን ሆስታ ጋረዱት። እርስዎስ ፀሐዩን? አልኩ።
“እኔማ ሰባ ዓመት ደርቄያለሁ። እነሱ ገና ናቸው።”
ከኋላቸው ይመጡ የነበሩት ሴቶች አዩ። አንዷ የስለት ቦታ መሰላትና ዣንጥላዋን ተክላ ተሳለመች። ሌሎቹም ተከተሉ። ስለት እንዳልሆነ፣ ቅጠል እንደሆነ በትሕትና አስረዳሁ። አንዲትም የነቀለች የለም። የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው አሉኝ። እስከ እኩለ ቀን አሥራ አንድ ዣንጥላ!

ኅዳር 30
ማኅደር መጣች። ቀይ ዣንጥላ፣ አበባ ያለበት ዣንጥላ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ ዣንጥላ… ከአጠገባችን ካፌ የወጡ ወጣቶች ከብበው ፎቶ ያነሳሉ። ይሄ ምንድን ነው? አለች። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ጉግሳ ቀደመኝ።
“ጥላ ነው። ዛፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሳቸው የሉበትም።”
ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስቀጣል፤ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችል ነበር እኮ። እሷ ጎንበስ ብላ ቅጠሎቹን አገላበጠች። አሥሩ ሆስታዎችና ፈርኖቹ ደህና ናቸው። የተመልካች ብዛት የሚለው ላይ ቆጥራ፣ ቆጥራ፣ ሲሰለቻት “ብዙ” ብላ ጻፈች። ተመዘገበ። ጉግሳን አቅፌው አለቀስኩ። ክብሬን ያልጠበቀ ድርጊት ነበር።

ታኅሣሥ 14
ጉንፋን ጥሎኝ ሁለት ቀን አልወጣሁም። ዛሬ በሬ ተንኳኳ። እዚህ ስኖር የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ለተብርሃን ትኩስ አጥሚት ይዘው፣ ከኋላቸው ጉግሳ።
“ለአንተ እንዳይመስልህ። ብትሞት ቅጠሉን ማን ያየዋል ብዬ ነው።”
ሁሉንም ጠጣሁት። ለመዝገብ ያህል፦ አላመንኳቸውም።