ከጣውላው የተሠራው ዳማ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ጂንካ

ዛሬም ጌታቸው አልመጣም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፤ በዚህ ከተማ ያለኝ ወዳጅም እሱ ብቻ። የዳማው ገበታ የእሱ፣ ቆርኪዎቹ የእኔ ናቸው። የማርቆስን ክስ ከተቀበልኩ ወዲህ ቀርቷል። አልተቀየምኩትም። ትንሽ ተቀይሜዋለሁ።

ማርቆስ የአሪ ገበሬ ነው። ከአባቱ ጀምሮ ቀፎ የሚሰቅሉባቸውን ዛፎች የጣውላ ድርጅቱ ግማሹን ቆረጠበት፤ የቀሩት እንዳይነኩ እግድ ይለምናል። ድርጅቱ የውጭ መንግሥት ንብረት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ጠበቃ፣ «መንግሥት በሌላ መንግሥት ፍርድ ቤት አይከሰስም» አለ።

ማርቆስ ደግሞ፣ «እኔ መንግሥት አልከሰስኩም። ዛፍ የቆረጠውን ነው» አለኝ።

ማክሰኞ

የአውራጃው አስተዳዳሪ አስጠራኝ። «ጓድ ዳኛ፣ ወዳጅ አገር ነው» አለ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሕጋችን በዚህ ነገር ዝም ብሏል። ከመጻሕፍቱ አንዳንዶቹ መንግሥት ከቶ አይከሰስም ይላሉ፤ ሌሎቹ፣ ከነገደ እንደ ነጋዴ ይጠየቃል። እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነኝ። ጠበቃው ግን «ለትብብር እንጂ ለንግድ አልመጣንም፤ ጣውላ አንሸጥም» ብሎ ካደ። ካደ! የእኔ አልጋ እንኳ ከነሱ ጣውላ ነው። ዳኛ ሆኜ ግን ምስክር አልሆንም። ማርቆስ እስከ ዓርብ ከነሱ ጣውላ የገዛ ምስክር ካላመጣ ዛፎቹ ይወድቃሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ሚካኤል

ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ቆሻሻ አቃጠሉ። የጠራኝ የለም፤ ጭሱ ብቻ ገባ። ማርቆስ ያልለመነው ነጋዴ የለም፤ ሁሉም እንቢ ብለውታል አሉ። ብቸኝነት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላውቅም ነበር። ራትም አልሠራሁ።

ዓርብ

ምስክር ሲጠራ ጌታቸው ገባ። የዳማ ገበታውን በብብቱ ይዟል። «ጣውላውን ከግቢያቸው በር ገዝቼ ነው ያሠራሁት። ማኅተማቸው ከጀርባው አለ» አለ። ገለበጥኩት፤ ማኅተሙ አለ። ያን ሁሉ ማታ ስንጫወትበት ጀርባውን አይቼ አላውቅም።

ምስክሩ ወዳጄ መሆኑን በችሎት ተናገርኩ። ጠበቃው አልተቃወመም፤ ማኅተሙን ምን ይበለው። ክሱ እንዲሰማ፣ ዛፎቹም እስከ ፍርድ እንዳይነኩ አዘዝኩ። ገበታው ማስረጃ ሆኖ መዝገብ ቤት ቀረ።

ጌታቸው በደጅ ሲያልፍ፣ «ልመሰክር እያሰብኩ ከዳኛው ጋር ዳማ ልጫወት?» አለኝ። ለካ ለዚህ ነው የቀረው። እስከ ፍርዱ ድረስ ቤቴ መምጣት እንደማይችል ልነግረው ስል፣ «አውቃለሁ» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ

ማርቆስ ማር ይዞ መጣ። መለስኩት፤ ቅር አለው። አስተዳዳሪው ሰላምታዬን አልመለሰም። ጌታቸውን ከገበያው ማዶ አየሁት፤ ባርኔጣውን አነሳልኝ፤ እኔም አነሳሁ። ነገሩ መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም። ቤት ገብቼ ቆርኪዎቹን አጠብኳቸው።